ዩኒቨርሲቲ ሳይገባ የተማሪን ልብ ያወቀ የሙዚቃ ደራሲ

የዩኒቨርሲቲ ኦርኬስትራዎች በበዓላቸው ቀን ከሚወዷቸው ሥራዎች አንዱ፣ ጀርመናዊው ዮሐንስ ብራምስ የደረሰው «የዩኒቨርሲቲ በዓል መክፈቻ» ነው። ርዝመቱ ዐሥር ደቂቃ ያህል ብቻ ቢሆንም፣ ታሪኩን ዐውቆ ለሚያዳምጠው ሰው ስለ ዲግሪና ስለ ዕውቀት ብዙ ይናገራል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1879 የብሬስላው ዩኒቨርሲቲ ለብራምስ የክብር ዶክትሬት ሰጠው። ብሬስላው ያን ጊዜ የጀርመን ከተማ ነበረች፤ ዛሬ ቭሮትስዋፍ ተብላ በፖላንድ ትገኛለች። የክብሩ ጽሑፍ ብራምስን በጀርመን አገር ሥርዓትን ጠብቆ በሚደረስ ሙዚቃ የዘመኑ አለቃ ሲል ያወድሰዋል። እርሱ ግን በአንዲት ፖስታ ካርድ አመስግኖ ዝም አለ። ወዳጁ የኦርኬስትራ መሪው በርንሃርት ሾልትስ፣ ዩኒቨርሲቲው የሚጠብቀው ሙዚቃ መሆኑን ቢያስታውቀው፣ በ1880 ይህን ሥራ ደረሰ። ጃንዋሪ 4 ቀን 1881 ራሱ ኦርኬስትራውን እየመራ በብሬስላው አሰማ።

እንዲህ ከተወደሰ አለቃ ጭምት ሥራ ቢጠበቅ አያስደንቅም። ብራምስ ግን ተማሪዎች በጽዋ ዙሪያ የሚዘፍኗቸውን ዘፈኖች አያይዞ አቀረበ። በመጀመሪያ መለከቶቹ በለሆሳስ የሚያሰሙት ዜማ፣ በ1819 በየና ከተማ የተማሪዎች ማኅበር በመንግሥት ትእዛዝ ሲፈርስ የተዘፈነው ነው። ኋላም ባሶን የተባሉት ወፍራም ድምፅ ያላቸው የትንፋሽ መሣሪያዎች፣ በአዲስ ገቢ ተማሪ የሚቀለድበትን ዘፈን ያመጣሉ። በመጨረሻ መላው ኦርኬስትራ ከነከበሮው ተነሥቶ «ጋውዴአሙስ» የተባለውን የቆየ የላቲን የተማሪዎች መዝሙር ያሰማል። በቅኔ አነጋገር፣ ሰሙ ጨዋታ ሲሆን ወርቁ የፈረሰው ማኅበር መታሰቢያ ነው ብንል ያስኬዳል።

የሚገርመው፣ ይህን ያህል የተማሪን ኑሮ የሣለው ሰው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሆኖ አያውቅም። ፒያኖና ድርሰት የተማረው ሀምቡርግ በመምህሩ በኤድዋርድ ማርክሰን እግር ሥር ነው። በ1853 የ20 ዓመት ወጣት ሳለ፣ ቫዮሊን ተጫዋቹ ወዳጁ ዮሴፍ ዮአኪም በጌቲንገን ዩኒቨርሲቲ ትምህርት ሲከታተል፣ እርሱ ዘንድ ሰንብቶ የተማሪዎቹን ኑሮና ዘፈን በቅርብ ተመለከተ። ዶክትሬቱ የመጣው ከ26 ዓመት በኋላ ነው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ዲግሪ ለሠሩት ሥራ ምስክር ነው እንጂ የሥራው ምትክ አይደለም። ብራምስ ዶክተር ከተባለ በኋላ ክብሩን የመለሰው በወረቀት ሳይሆን፣ መምህሩ ባስተማረው ጥበብና በወጣትነቱ በሰማው ዜማ ነው። ዲግሪውን የያዘም ሆነ ገና የሚጠብቅ ወጣት ይህን ሙዚቃ ሲሰማ፣ እኔስ በምን እመልሳለሁ ብሎ ራሱን ቢጠይቅ ይገባል።