አንዲት እጀታ፦ «ሶል ሰርፈር» ከተባለው ፊልም የምንማረው

እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣውን «ሶል ሰርፈር» የተባለ ፊልም ከመካከላችሁ ያያችሁት ትኖሩ ይሆናል። ፊልሙ የሚተርከው አንድ ክንዷን ያጣች የ13 ዓመት ልጅ ወደምትወደው ስፖርት እንዴት እንደ ተመለሰች ነው። ተመልካች ጀግንነቷን አድንቆ፣ እንባውን ጠርጎ ይነሣል። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ታሪኩን ቀረብ ብለን ብንመረምረው ሌላም ትምህርት እናገኝበታለን። እርሱም ለተጎዳ ሰው የሚጠቅመው እርዳታ ምን ዓይነት እንደ ሆነ ነው።

ታሪኩ እውነተኛ ነው። ቤታኒ ሐሚልተን ያደገችው ከሃዋይ ደሴቶች አንዷ በሆነችው በካዋይ ነው። ስፖርቷ ሰርፊንግ ይባላል፤ በባሕር ማዕበል ላይ በሰሌዳ ቆሞ መንሸራተት ነው። ወላጆቿም ይህንኑ ስፖርት የሚወዱ ስለ ነበሩ ልጅቱ ከሕፃንነቷ ጀምራ ባሕሩን ለመደችው። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 31 ቀን 2003 ማለዳ ከጓደኛዋና ከጓደኛዋ አባት ጋር ወደ ባሕር ወጣች። በሰሌዳዋ ላይ በደረቷ ተኝታ ግራ እጇን ውሃው ውስጥ አንጠልጥላ ሳለች ከ4 ሜትር በላይ የሚረዝም ሻርክ መጥቶ ክንዷን ከትከሻዋ ዝቅ ብሎ ቆርጦ ወሰደው።

የጓደኛዋ አባት ሰሌዳን ከእግር ጋር የሚያያይዘውን ገመድ ወስዶ ደሙ እንዲቆም ቁስሉን አጥብቆ አሰረው። ሆስፒታል በደረሰች ጊዜ ከደሟ ከግማሽ የሚበልጠው ፈስሶ ነበር። አባቷ በዚያው ጠዋት ጉልበቱን ቀዶ ሕክምና ሊደረግለት ተዘጋጅቶ ነበርና፣ በእርሱ ተራ ልጁ ገባች። ዳነችም። አንድ ወር ሳይሞላ እንደ ገና በሰሌዳዋ ላይ ቆመች።

ፊልሙ ግን መንገዱ ቀላል እንደ ነበረ አያስመስልም። በመጀመሪያው ውድድር ዳኞች ከሌሎቹ አስቀድማ እንድትነሣ አምስት ደቂቃ ሊሰጧት ይፈልጋሉ፤ እርስዋም እንደ ሌሎቹ መወዳደር ስለምትሻ እምቢ ትላለች። ማዕበሉን ማለፍ ግን ያቅታታል። ምክንያቱ የጉልበት ማነስ አይደለም። ተወዳዳሪ ወደ ጥልቁ ሲወጣ የሚሰበር ማዕበል ሲመጣበት ሰሌዳውን በሁለት እጁ ወደ ታች ተጭኖ ከሥሩ ሾልኮ ማለፍ አለበት። አንድ እጅ ብቻ ላለው ሰው ግን ሰሌዳው ወደ አንድ ጎን ይገለበጣል፤ ማዕበሉም ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ቤታኒ ተስፋ ቆርጣ ስፖርቱን ትታ ትቀመጣለች።

እግዚአብሔር ይህን ለምን ፈቀደ ብላ በምትጠይቅበት ሰዓት፣ በወጣቶች አስተማሪዋ ግብዣ ከወርልድ ቪዥን ጋር ወደ ታይላንድ ትሄዳለች። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 26 ቀን 2004 የተነሣው ሱናሚ በልዩ ልዩ አገሮች ከ200,000 በላይ ሰዎችን የገደለበት ጊዜ ነበር። በፊልሙ ውስጥ ባሕሩ ቤተ ሰቡን የነጠቀው ሕፃን ወደ ውሃው መቅረብ ይፈራል። ቤታኒም ሰሌዳ ይዛ ከእርሱ ጋር ትገባለች። በባሕር የተጎዳች ልጅ በባሕር የተጎዳውን ሕፃን ታጽናናለች።

ወደ አገሯ ስትመለስ አባቷ በሰሌዳዋ መካከል አንዲት እጀታ ይገጥምላታል። እርስዋን በቀኝ እጇ ጨብጣ ከማዕበሉ ሥር ማለፍ ቻለች። እንግዲህ ልዩነቱን አስተውሉ። አምስቱ ደቂቃ ከውድድሩ ሕግ ውጭ የሚያደርጋት ችሮታ ነበር፤ እጀታዋ ግን አንዱን መሰናክል ብቻ አስወግዳ የቀረውን ለልጅቱ ብርታት ተወች።

በፊልሙ መጨረሻ ቤታኒ አታሸንፍም። በእውነተኛው ሕይወቷ ግን እ.ኤ.አ. በ2005 በአገር አቀፍ የአማተሮች ውድድር አንደኛ ወጣች። በ2016 ደግሞ በፊጂ በተደረገው የዓለም ውድድር የስድስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የነበረችውን ስቴፋኒ ጊልሞርን ረትታ ሦስተኛ ሆነች። በፊልሙ እርስዋን ሆና የተጫወተችው አናሶፊያ ሮብ ናት፤ ባለ አንድ ክንዷ የማዕበል ትርኢት ግን በቤታኒ በራሷ የተሠራ ነው።

ይህን ታሪክ ለአካል ጉዳተኛ ወገን ስናሳይ አንድ ጥንቃቄ ያሻል። «እርስዋ ከቻለች አንተ ለምን አልቻልህም?» ብንል እናቆስለዋለን። ቤታኒ ገመዱን ያሰረላት፣ ፈጥኖ ያከማት፣ እጀታውንም የሠራላት ሰው ነበራት። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጡት ዘገባ እንደ ተሽከርካሪ ወንበር፣ መነጽርና የመስሚያ መሣሪያ ያሉ መርጃዎች የሚያስፈልጓቸው ሰዎች ከ2.5 ቢሊዮን በላይ ናቸው። ከእነርሱም አንድ ቢሊዮን የሚጠጉት አያገኙም። በአንዳንድ ድሃ አገሮች ከሚያስፈልጋቸው መቶ ሰዎች የሚያገኙት ሦስቱ ብቻ ናቸው። የብዙዎች ችግር እንግዲህ የድፍረት ማነስ ሳይሆን እጀታ ማጣት ነው።

ስለዚህ በጉባኤያችሁ ወይም በጎረቤታችሁ አካል ጉዳተኛ ልጅ ቢኖር፣ ከማዘናችሁ በፊት ጠይቁት፦ ምን ማድረግ ትወዳለህ? የሚያግድህስ ምንድር ነው? መልሱ በቁመቱ ልክ የተሠራ ምርኩዝ፣ በደረጃው ፈንታ የተሠራ መወጣጫ፣ ወይም ወደ ትምህርት ቤት አብሮት የሚሄድ ባልንጀራ ሊሆን ይችላል። የቤታኒ አባት የልጁን ክንድ ሊመልስላት አልቻለም። እጀታውን ግን መሥራት ይችል ነበር፤ ሠራውም።