ውሃ፣ መጸዳጃና ድልድይ፦ የምሕንድስና ሥራ ለጤናና ለድርቅ መከላከል በምሥራቅ ጎጃም

ስለ ድርቅ ሲነገር አስቀድሞ በሰው አእምሮ የሚመጣው የእህል እጥረት ነው። ዝናብ ይቀራል፤ ቡቃያ ይደርቃል፤ ጎተራ ይራቆታል፤ ከብት ያልቃል። ይሁን እንጂ ድርቅ ሕይወት የሚያጠፋበት መንገድ በዚህ አያበቃም። በ1977 ዓ.ም. በደረሰው ታላቅ ረሀብ ጊዜ በየመጠለያው ካለቁት ወገኖች ብዙዎቹን የጨረሳቸው በረሀብ በተዳከመ ሰውነታቸው ላይ የወደቀው ተቅማጥ፣ ኩፍኝና የሳንባ ምች ነበር። ብዙ ሕዝብ ባንድ ስፍራ ተጠግቶ ሲሰፍር፣ የሚጠጣው ውሃ ንጹሕ ካልሆነና ዐይነ ምድር የሚወገድበት ስፍራ ካልተዘጋጀ፣ የተሰጠው እህል ብቻውን ሕይወትን ሊያተርፍ እንደማይችል ያ ዘመን በግልጽ አሳይቷል።

ከዚህ የተነሣ ድርቅን መቋቋም የግብርናና የእርዳታ ሥራ ብቻ አይደለም፤ የምሕንድስናም ሥራ ነው። ምሕንድስና ሲባል ታላላቅ ግድቦችና ረጃጅም ሕንጻዎች ይታሰቡ ይሆናል። በገጠር ግን ከሁሉ ይልቅ የሰው ሕይወት የሚያተርፈው ምሕንድስና መጠኑ አነስተኛ፣ ዋጋው መጠነኛ፣ ሠሪውም ጠባቂውም ገበሬው ራሱ የሆነው ነው። ለዚህ ማስረጃ የሚሆኑ ሥራዎች በምሥራቅ ጎጃም፣ በቢቸናና በሞጣ አካባቢ ይገኛሉ።

አገሩና ችግሩ

በቢቸናና በሞጣ መካከል የምትገኘው ሮብ ገበያ ስሟን ያገኘችው በየሳምንቱ ረቡዕ ከሚውለው ገበያ ነው። አገሩ በምዕራብ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጮቄ ተራራ፣ በምሥራቅና በሰሜን ደግሞ ጥልቁ የዓባይ ሸለቆ ያዋስኑታል። መሬቱ በጤፍ ምርቱ የታወቀ ስለሆነ፣ ብዙ ሰው ይህን አገር በጥጋብ እንጂ በችግር አያስበውም። ነገር ግን ወደ ዓባይ በሚወርደው ቆላ ዝናብ ሲዛባ አዝመራው ይጎዳል። በደጋውም ቢሆን ክረምቱ የሚያወርደው ውሃ አብዛኛውን በጎርፍ መልክ ከነአፈሩ ወደ ዓባይ ይሄዳል። በጋው ሲገፋ ምንጮች ይደክማሉ፤ ሴቶችና ልጃገረዶች እንስራና ጄሪካን ተሸክመው የሚጓዙት መንገድም ይረዝማል።

የመንገዱ ርዝመት ከድካሙ ሌላ የጤና ትርጉም አለው። ውሃ ለመቅዳት የሚወስደው ጊዜ ከግማሽ ሰዓት በላይ ሲሆን ቤተሰብ ወደ ቤት የሚያስገባው ውሃ እየቀነሰ ይሄዳል። የተገኘው ጥቂት ውሃ ለመጠጥና ለምግብ ማብሰያ ይውላል፤ እጅና ፊት መታጠቢያ፣ ልብስ ማጠቢያ የሚሆነው ይቀራል። በሌላ አነጋገር ውሃው በራቀ ቁጥር ንጽሕና ይጓደላል፤ ንጽሕና በጓደለ ቁጥር ተቅማጥ፣ እከክና የዐይን ሕመም ይበረታል። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2015 በኋላ ለገጠሩ የተወሰነው የውሃ አቅርቦት መለኪያ ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር፣ ርቀቱም ከ1 ኪሎ ሜትር ያልበለጠ እንዲሆን የሚያዝዘው በዚሁ ምክንያት ነው።

ንጹሕ ውሃ የሚገኝበት መንገድ

በዚህ አገር ንጹሕ ውሃ በዝቅተኛ ወጪ ለማግኘት ሁለት የተለመዱ መንገዶች አሉ፤ አንደኛው ምንጭ ማጎልበት፣ ሁለተኛው በእጅ የተቆፈረ የውሃ ጉድጓድ ነው።

ምንጭ ከመሬት ውስጥ ሲወጣ ብዙውን ጊዜ ንጹሕ ነው። የሚበከለው ከወጣ በኋላ፣ ከብት ሲረግጠው፣ ጎርፍ ሲገባበትና ያልጸዳ ዕቃ ሲነከርበት ነው። ስለዚህ የመሐንዲሱ ሥራ ውሃው ዐይኑ ላይ ሳለ መያዝ ነው። ምንጩ እስከሚወጣበት ድንጋይ ድረስ ተቆፍሮ በጠጠር ይሞላል፤ በላዩ በሲሚንቶ ተገንብቶ ይከደናል፤ ውሃውም በቧንቧ አልፎ ከታች ይቀዳል። ከምንጩ በላይ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይቆፈራል፤ ዙሪያውም ይታጠራል። ለከብት ራቅ ብሎ የተለየ ማጠጫ ገንዳ ይሠራል፤ ከብቱ ውሃ ካላገኘ አጥሩን ማፍረሱ አይቀርምና።

ምንጭ በሌለበት ስፍራ ጉድጓድ ይቆፈራል። የቁፋሮው ጊዜ በራሱ የዕውቀት ጉዳይ ነው። በመስከረም የተቆፈረ ጉድጓድ ገና በጥቂት ሜትር ጥልቀት ውሃ ሊሰጥና ሰውን ሊያስደስት ይችላል፤ በሚያዝያ ግን ይነጥፋል። ስለዚህ ቁፋሮው የሚካሄደው በበጋው መጨረሻ፣ የከርሰ ምድሩ ውሃ እጅግ ዝቅ ባለበት ወራት ነው፤ በዚያን ጊዜ ውሃ የሰጠ ጉድጓድ በሌላው ወቅት አይከዳም። ግድግዳው እንዳይናድ የኮንክሪት ቀለበት ይወርድለታል። አፉ ተከድኖ የእጅ ፓምፕ ይተከልበታል። በዙሪያው የሲሚንቶ ወለልና ፍሳሹን የሚያርቅ ቦይ ይሠራል፤ ይህ ካልሆነ የፈሰሰው ቆሻሻ ውሃ ተመልሶ ወደ ጉድጓዱ ይሰርጋል። ሲሚንቶው ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ውሃ እየጠጣ ካልጠነከረ ይሰነጠቃል። መጸዳጃ ቤትም ከጉድጓዱ ቢያንስ 30 ሜትር ያህል ርቆ፣ በዝቅተኛው በኩል መሆን አለበት።

በአገሪቱ በብዛት የተተከለው አፍሪዴቭ የተባለው የእጅ ፓምፕ ነው። ይህ ፓምፕ እስከ 45 ሜትር ከሚደርስ ጥልቀት ውሃ ለማውጣት የተዘጋጀ ሲሆን፣ ታላቁ ጥቅሙ የመንደር ሰው በአንድ መፍቻ ፈትቶ የጎማ ማሸጊያውን ሊለውጥለት መቻሉ ነው። ከከተማ ባለሙያ እስኪመጣ ለወራት የሚቆም ፓምፕ ሕዝቡን ወደ ቀድሞው ኩሬ ይመልሰዋል። በመሆኑም ጠንካራ ፓምፕ ከመምረጥ ይልቅ በቀላሉ የሚጠገን ፓምፕ መምረጥ የተሻለ ምሕንድስና ሆኖ ተገኝቷል።

ይህንኑ ሐሳብ ወደ ገንዘቡ አያያዝ ያሸጋገረ ሥራ በአማራ ክልል ተከናውኗል። በኢትዮጵያና በፊንላንድ መንግሥታት ትብብር የተቋቋመው የገጠር ውሃ አቅርቦትና የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም ምሥራቅ ጎጃምን ጨምሮ በክልሉ ወረዳዎች እ.ኤ.አ. ከ1994 እስከ 2011 ሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አሠራር ተጀመረ። የግንባታው ገንዘብ በአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም በኩል በቀጥታ ለመንደሩ ሕዝብ ተሰጠ። ሕዝቡ የመረጠው የውሃ ኮሚቴ ሲሚንቶ ይገዛል፤ ግንበኛ ይቀጥራል፤ ሒሳቡን ያወራርዳል። መንደሩ በበኩሉ ጉልበቱን፣ ድንጋዩንና አሸዋውን ያቀርባል፤ ለጥገና የሚሆን ገንዘብም አስቀድሞ ያጠራቅማል። ሰው በገዛ እጁ ገዝቶ ያስተከለውን ፓምፕ ሲሰበር «የመንግሥት ነው» ብሎ አይተወውም። ይህ አሠራር እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በተከታዩ ፕሮግራም ወደ ሌሎች ክልሎችም ተስፋፍቷል።

የዐይን ማዝና የመጸዳጃ ጉድጓድ

በአማራ ክልል የንጽሕና ጉድለት ያስከተለው ጉዳት ጎልቶ ከሚታይባቸው ሕመሞች አንዱ ትራኮማ፣ በተለምዶ የዐይን ማዝ የሚባለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት፣ በክልሉ ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆኑት ሕፃናት ከመቶ 62 የሚሆኑት ሕመሙ ታይቶባቸዋል። ሕፃኑ በተደጋጋሚ በታመመ ቁጥር የዐይኑ ቆብ ይጠባሰሳል። ካደገ በኋላ ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ታጥፎ ብሌኑን ይፍቃል። ብዙ እናቶች ሥቃዩን ለማስታገሥ ሽፋሽፍቱን በወረንጦ ሲነቅሉ ይኖራሉ፤ በመጨረሻም ዐይናቸው ይጠፋል። ከልጆቻቸው ጋር አብዝተው የሚውሉ በመሆናቸው ሴቶች ከወንዶች ይልቅ ይጎዳሉ።

ሕመሙ በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ ይተላለፋል። ዐይን ላይ የሚያርፈው የዝንብ ዐይነት እንቁላሉን መጣል የሚወደው በሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዐይነ ምድር ላይ ሲሆን፣ በመጸዳጃ ጉድጓድ ውስጥ አይራባም። ስለዚህ አንድ ተራ ጉድጓድ፣ በእንጨትና በጭቃ የተረበረበ ወለል፣ ዙሪያውንም ከለላ ማድረግ የዝንቡን መራቢያ ለመቀነስ ይረዳል።

እ.ኤ.አ. በ2004 የክልሉ ጤና ቢሮ በካርተር ማእከል ደጋፊነት የመጸዳጃ ቤት ሥራ ዘመቻ አካሄደ። ለዓመቱ የታቀደው 10 ሺህ ነበር፤ የተሠራው ግን ወደ 90 ሺህ ተጠጋ። ከዚህም ውስጥ ከ20 ሺህ በላይ የሚሆነው ሞጣ በምትገኝበት በሁለት እጁ እነሴ ወረዳ ብቻ የተሠራ ነው። ለዚህ ውጤት ሴቶች ያሳዩት ፍላጎት ታላቅ ድርሻ ነበረው። ጨዋነትን ለመጠበቅ ሲሉ ቀኑን ሙሉ ታግሠው ጨለማ ይጠብቁ የነበሩ ሴቶች፣ የደጃፋቸው መጸዳጃ ቤት ከጤናው አስቀድሞ ነፃነት ሆኖላቸዋል።

ሥራው የራሱ የአሠራር ጥያቄዎች አሉት። መረሬ አፈር በክረምት ያብጣል፤ በበጋ ይሰነጠቃል። በእንዲህ ያለ መሬት ግድግዳው በድንጋይ ያልተደገፈ ጉድጓድ ክረምቱን ላይሻገር ይችላል። ምስጥ የበላው ወለል ሰው ይዞ ይወድቃል፤ ክዳን የሌለውም ይሸታል። የተቆጠረው ጉድጓድና ሥራ ላይ ያለው ጉድጓድ አንድ እንዳይደሉ ማወቅ ስለዚህ ይገባል።

ጉድጓድ ያለ መድኃኒት፣ መድኃኒት ያለ ጉድጓድ

በሞጣና በቢቸና መካከል ባለው በጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ለበርካታ ዓመታት የተካሄደው ጥናት ለዓለም የጤና ባለሙያዎች የሚጠቅም ትምህርት ሰጥቷል። አዚትሮማይሲን የተባለው መድኃኒት ለመላው ነዋሪ በታደለባቸው መንደሮች ሕመሙ በብርቱ ቀነሰ። ከዚህም በላይ ሕፃናቱ መድኃኒቱን ባገኙባቸው መንደሮች ከ1 እስከ 9 ዓመት ባሉት ልጆች መካከል የደረሰው ሞት፣ መድኃኒቱ ገና ካልደረሳቸው መንደሮች ጋር ሲነጻጸር ወደ ግማሽ ዝቅ ብሎ ተገኘ።

በዚያው ወረዳ መድኃኒት ካገኙት መንደሮች ግማሾቹ መጸዳጃ ቤት በብዛት እንዲሠሩ ተደርጎ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን በትራኮማ ረገድ በሁለቱ ወገኖች መካከል ጎልቶ የሚታይ ልዩነት አልተገኘም። ይህ ውጤት የጉድጓዱን ሥራ ከንቱ አያደርገውም፤ መጸዳጃ ቤት ተቅማጥንና የሆድ ትልን ለመከላከል፣ የሴቶችንም ክብር ለመጠበቅ ያለው ጥቅም የታወቀ ነው። የሚያስገነዝበው ዝንብ ከመተላለፊያዎቹ አንዱ ብቻ መሆኑን ነው። ባንድ መደብ የሚተኙ፣ ባንድ ጨርቅ ፊታቸውን የሚያብሱ ልጆች ባሉበት ቤት ሕመሙ ሌላ መንገድ አያጣም። በመድኃኒት የቀነሰው ሕመምም ዕደላው ሲቆም ተመልሶ ያንሰራራል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚደግፈው ስልት ቀዶ ሕክምናን፣ መድኃኒትን፣ የፊት ንጽሕናንና የአካባቢ ጽዳትን አንድ ላይ ያጣመረው ስለዚህ ነው። በምሥራቅ አማራም ሆነ በምዕራቡ ከብዙ ዓመት ዕደላ በኋላ ሕመሙ ያልለቀቃቸው ወረዳዎች መኖራቸው ሥራው ገና አለመጠናቀቁን ያሳያል።

ሰባራ ድልድይ

መድኃኒቱም ሲሚንቶውም የሚደርሰው መንገድ ሲኖር ነው። ከሞጣ ቁልቁል ሲወረድ በዓባይ ላይ ያለው ድልድይ በ17ኛው መቶ ዓመት፣ በዐፄ ፋሲል ዘመን እንደተሠራ ይነገራል። በጣልያን ወረራ ጊዜ መካከሉ እንዲፈርስ ተደረገ፤ ከዚያ ወዲህ ሰባራ ድልድይ የሚለው ስም ጸናበት። ለብዙ ዐሥርት ዓመታት በጎጃምና በጎንደር በኩል ያሉ ሰዎች በገመድ ታስረው በወዲያ ማዶ ባሉ ሰዎች እየተጎተቱ ተሻገሩ። ገበያተኛውም በሽተኛውም የሚያልፈው እንዲሁ ነበር።

ይህን የሚያሳይ ፎቶግራፍ የተመለከተው አሜሪካዊው የግንባታ ባለሙያ ኬን ፍራንዝ ባደረገው ጥረት እ.ኤ.አ. በ2002 የተሰበረው ክፍል በብረት ተጠገነ። በ2005 የመጣው ጎርፍ ግን ጥገናውን ጠርጎ ወሰደው። በ2009 በወፍራም የብረት ገመድ የተንጠለጠለ፣ ከጎርፉ ከፍ ያለ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ። የመጀመሪያው ጥገና የወደቀው በሥራ ጉድለት ሳይሆን ወንዙ ሊደርስበት በሚችለው ከፍታ ላይ በመቆየቱ ነው። በተፈጥሮ አደጋ አገር የሚሠራ ሁሉ ለአማካዩ ክረምት ሳይሆን ለክፉው ክረምት መታሰብ አለበት።

ከሠፈራ የተገኘው ትምህርት

በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ በድርቅ ከተጎዱ አካባቢዎች ተነሥቶ በሌላ አገር እንዲሠፍር ተደረገ፤ ከሠፈራ ጣቢያዎቹም አንዱ በዚያን ጊዜ በጎጃም ክፍለ ሀገር፣ በመተከል የሚገኘው ጣና በለስ ነበር። የደጋው ሰው ወባን ወደማያውቅበት ቆላ በችኰላ ወረደ፤ ውሃው፣ መጠለያውና የጤና አገልግሎቱ ሳይሟላ ሰው ቀድሞ ደረሰ። በዚህም ምክንያት ብዙ ሕይወት ጠፋ። ሰው ከመስፈሩ በፊት ውሃው መገኘት፣ መጸዳጃው መቆፈር፣ መንገዱ መከፈት እንዳለበት ያ ታሪክ በከባድ ዋጋ አስተምሯል።

ትምህርቱ በቀዬው ለሚኖረውም ይሠራል። በበጋ የማይነጥፍ ጉድጓድ፣ የተጎለበተ ምንጭና በተፋሰሱ ላይ የተሠራ እርከን ያለው መንደር አንድ ክፉ ዓመት ሲመጣ ቀዬውን ጥሎ ለመሄድ አይገደድም። እርከኑ ጎርፉን አግቶ ወደ መሬት ያሰርገዋል፤ የሰረገውም ውሃ ከታች ያለውን ምንጭ ይመግባል። ስለዚህ አፈር የሚጠብቀው ገበሬና ፓምፕ የሚጠግነው የውሃ ኮሚቴ የሚሠሩት አንድ ሥራ ነው።

በሮብ ገበያም ሆነ በሌላው ገጠር የሚፈለገው ምሕንድስና በዚህ ይመዘናል፦ በሚያዝያ ውሃ ይሰጣልን? በክረምት አይናድምን? ሲሰበር ማን ይጠግነዋል? ለጥገናውስ ገንዘቡ በማን እጅ ነው? እነዚህ ጥያቄዎች ሥራው ከመጀመሩ በፊት መልስ ካገኙ፣ ድርቅ ቢመጣም ሕዝቡን ባዶ እጁን አያገኘውም።