«ፎርማት ይደረግ?» ሲባሉ ቶሎ አዎ አይበሉ
ላፕቶፕዎ እየጠፋ እየተነሳ ሲያስቸግር ፎቶዎችዎንና ሰነዶችዎን እንዴት ያተርፋሉ?

ምሽት ነው። ልጆቹ ተኝተዋል፤ እርስዎም ያላለቀ ሥራዎን ይዘው ላፕቶፑ ፊት ተቀምጠዋል። ድንገት ስክሪኑ ይጨልማል። የአምራቹ ምልክት ይመጣል፤ ሊከፈት ነው ሲሉ መልሶ ድርግም ይላል። ሦስት አራት ጊዜ እንዲሁ። በማግስቱ ይዘውት ጥገና ቤት ይሄዳሉ። ባለሙያው አየት ያደርገውና «ፎርማት ይደረግ?» ይልዎታል። ቸኩለዋል። «አዎ፣ ብቻ ይሥራልኝ!» ይላሉ።

በእርግጥም ይሠራል። ማታ ቤት ገብተው ሲከፍቱት ግን እንደ አዲስ ዕቃ ባዶ ነው። የልጅዎ የመጀመሪያ ልደት፣ እናትዎ ያሉበት የመጨረሻው ፋሲካ፣ ተጋምሶ የነበረው የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ሁሉም የለም።

ባለሙያው አላታለለዎትም፤ ጠይቆ ፈቅደውለታል። ስህተቱ ከቅደም ተከተሉ ነው። ላፕቶፕ ቢወደድም ይተካል፤ ያ ፎቶ ግን አይተካም። ስለዚህ አንድ ነገር ይያዙ፦ መጀመሪያ ፋይሉ ይውጣ፣ ከዚያ ማሽኑ ይጠገን።

መቼ እንደሚጠፋ ያስተውሉ

ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ «መቼ ነው የሚያምዎት?» ይባላሉ። ላፕቶፕም እንደዚያው ነው።

ለተወሰነ ጊዜ በደንብ ሠርቶ፣ በተለይ ቪዲዮ ሲከፈት፣ ከሥሩ ግሎና ማራገቢያው ጮሆ የሚጠፋ ከሆነ ሙቀት ይጠርጥሩ። አልጋና ሶፋ ላይ ሲቀመጥ አየር ማስገቢያው ይደፈናል፤ ውስጡም አቧራ ይሞላል። አቧራው ሲጸዳና ቴርማል ፔስቱ ሲታደስ ብዙ ጊዜ ይስተካከላል።

መብራት ብልጭ ሲል ወይም የቻርጀሩ ገመድ ሲነካ የሚጠፋ ከሆነ ባትሪው ደክሟል ማለት ነው። በእነዚህ በሁለቱ ፎርማት ማስደረግ ጥርሱን ላመመው ሰው እግሩን እንደ ማሸት ነው፤ ፋይልዎ ይጠፋል፣ ችግሩ ግን እዚያው ይቀራል።

ሁልጊዜ ዊንዶውስ ሲከፈት ብቻ የሚጠፋ፣ በተለይም አፕዴት ወይም አዲስ ፕሮግራም ከገባበት በኋላ የጀመረው ከሆነ፣ ችግሩ የሶፍትዌር ሊሆን ይችላል። ሰማያዊ ስክሪን እያሳየ ባልተጠበቀ ሰዓት የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ ራሙም ይፈተሽ። ፋይል ለመክፈት ብዙ የሚቆይ ወይም ከውስጡ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ የሚሰማ ከሆነ ግን ዲስኩ እየሞተ ሊሆን ስለሚችል ወዲያው ያጥፉት። ደጋግሞ መሞከር ጉዳቱን ያብሳል፤ በቀጥታ ዳታ ማውጣት ለሚችል ባለሙያ ይስጡት።

ፋይሉን ማውጫ ሦስት መንገዶች

የመጀመሪያው ሴፍ ሞድ ነው። ዊንዶውስ 10ም ሆነ 11 ተከታታይ ጊዜ መነሳት ሲያቅተው ራሱ የጥገና ገጽ ያመጣል። እዚያ «ትራብልሹት»፣ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ»፣ «ስታርትአፕ ሴቲንግስ» የሚሉትን በቅደም ተከተል ይጫኑና «ሪስታርት» ይበሉት፤ ዝርዝሩ ሲመጣ 4 ቁጥርን ይምረጡ። ላፕቶፑ የግድ የሚያስፈልገውን ብቻ ይዞ ይነሳል። ሳይጠፋ ከቆየ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ሰክተው መገልበጥ ይጀምሩ፤ ከሁሉም አስቀድመው የማይተካውን።

ሁለተኛው፣ ዊንዶውስ ጨርሶ እምቢ ካለ፣ ኡቡንቱ የተጫነበት ፍላሽ ነው። በሌላ ኮምፒውተር ላይ ይዘጋጃል፤ ላፕቶፑም ከፍላሹ ይነሳል። ሳይጭኑ መሞከሪያውን፣ «ትራይ ኡቡንቱ» የሚለውን ይምረጡ። «ኢንስቶል» የሚለውን ከመረጡ ግን ሊያተርፉ የመጡትን ራስዎ ሊያጠፉት ይችላሉ።

ሦስተኛው ዲስኩን ፈትቶ በዩኤስቢ ማገናኛ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር ማያያዝ ነው። ይህ ለጥገና ባለሙያ ከባድ ሥራ አይደለም። ዲስኩ ከማዘርቦርዱ ጋር ተበይዶ በሚመጣባቸው አንዳንድ ስስ ላፕቶፖች ግን አይቻልም።

በሦስቱም መንገድ አንድ መሰናክል ሊገጥምዎ ይችላል፤ ቢትሎከር። ብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች ዲስካቸውን በዚህ ይቆልፋሉ። የሚጠይቅዎት 48 አሃዝ ያለው ቁልፍ ብዙውን ጊዜ ላፕቶፑን ባስጀመሩበት የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ይገኛል፤ በስልክዎ ገብተው ያዩታል። ላፕቶፕዎ ዛሬ ጤነኛ ከሆነ ዛሬውኑ ፈልገው ወረቀት ላይ ይጻፉት። ቁልፉ ከሌለ ዲስኩ ቢወጣም አይነበብም።

«ሲ ብቻ ነው የሚጠፋው» ሲባሉ

ብዙ ላፕቶፖች ዲስካቸው «ሲ» እና «ዲ» ተብሎ ይከፈላል። «ሲ ብቻ ነው ፎርማት የሚደረገው» ሲባሉ ልብዎ ይረጋጋል። ነገር ግን ዴስክቶፕ ላይ የሚያዩት ሁሉ በተለምዶ ያለው «ሲ» ላይ ነው። የዶክመንትስ፣ የፒክቸርስና የዳውንሎድስ ፎልደሮችም እዚያው ናቸው። በቴሌግራም የወረዱ ፎቶዎችም ዳውንሎድስ ውስጥ «ቴሌግራም ዴስክቶፕ» በሚል ፎልደር ይቀመጣሉ።

በቆዩ የፓወር ግዕዝ ፎንቶች የጻፏቸው ሰነዶች ካሉ ፎንቶቹንም ይገልብጡ። አለበለዚያ ፋይሉ ተርፎ እንኳ ሲከፈት የማይነበብ ፊደል ሆኖ ያስደነግጥዎታል።

ገልብጠው ሲጨርሱ አይመኑ፤ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ከየፎልደሩ ጥቂት ፎቶና ሰነድ ከፍተው ይዩ።

ጥገና ቤት ሲሄዱ

የራስዎን ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ይዘው ይሂዱ። «ዳታው ወጥቶ ሳላየው ፎርማት እንዳይደረግ» ብለው ይናገሩ፤ መቀበያ ወረቀቱም ላይ ያስጽፉት። የቤተሰብ ፎቶና የባንክ ወረቀት ያለበት ዕቃ ስለሆነ፣ ከቻሉ ሲገለበጥ አጠገቡ ይሁኑ።

ፋይሉ ከወጣ በኋላ ለሶፍትዌር ችግር ሁልጊዜ ሙሉ ፎርማት አያስፈልግም። ዊንዶውስ ራሱን ሲያድስ «ኪፕ ማይ ፋይልስ» የሚል ምርጫ አለው፤ ፕሮግራሞቹን አንሥቶ የግል ፋይልዎን ያስቀራል። «ሪሙቭ ኤቭሪቲንግ» የሚለው ግን ሁሉንም ያጠፋል።

ፎርማቱ አስቀድሞ ተደርጎ ከሆነስ? ላፕቶፑን አጥፍተው ያቁሙት፤ ምንም አይጫንበት። ሃርድ ዲስክ ከሆነ ባልተጻፈበት ቦታ ያለው ሊመለስ ይችላል። ኤስኤስዲ ከሆነ ግን ተስፋው ጠባብ ነው።

ከመበላሸቱ በፊት

ፒተር ክሮግ የተባለው አሜሪካዊ ፎቶግራፍ አንሺ ያስተዋወቀው 3-2-1 የሚባል ቀላል ደንብ አለ፦ 3 ቅጂ፣ 2 ዓይነት ማስቀመጫ፣ 1ዱ ከቤት ውጭ። ለአንድ ቤተሰብ ይህ ከባድ አይደለም። አንዱ ላፕቶፑ ላይ፣ ሁለተኛው ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ ይሁን። ሦስተኛው ጎግል በነፃ በሚሰጠው 15 ጊጋባይት ላይ፣ ካልበቃም በሌላ ዲስክ እኅትዎ ቤት ይቀመጥ።

በዓል ሲመጣ ዘመድ ጥየቃ መሄድዎ አይቀርም። ያንን ዲስክ ከእኅትዎ ተቀብለው አዲሶቹን ፎቶዎች ጨምረውበት ይመልሱ። ያኔ ላፕቶፑ አንድ ምሽት ድርግም ቢል የሚያስጨንቅዎት የጥገናው ዋጋ ብቻ ይሆናል።