ከመቶ እጅ አንዱ

ቀድሞ ከጅማው ሰቶ ሰመሮ ጅዳ ላለች እህት ሲደወል፣ ሁለቱም እኩል ይናገሩና ሁለቱም እኩል ዝም ይሉ ነበር። ጥፋቱ የእነሱ አልነበረም። ድምፁ በሱሉልታው የሳተላይት ጣቢያ በኩል 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰማይ ወጥቶ ያንኑ ያህል ስለሚወርድ ሩብ ሴኮንድ ገደማ ይፈጅበት ነበር። መልሱም ሌላ ሩብ። ለጨዋታ ይህ ብዙ ነው።

አቋራጩ በባሕር ሥር ነበር፤ ድምፁን ወደ ብርሃን ለውጦ በቀጭን የመስታወት ክር መስደድ። መስታወት ግን ብርሃን ይበላል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በነበረው መስታወት ውስጥ 20 ሜትር ከተጓዘ ብርሃን የሚተርፈው ከመቶ እጅ አንዱ ነበር። ብዙዎች ነገሩን እዚያው ላይ ተዉት።

ሻንጋይ ተወልዶ እንግሊዝ አገር ሃርሎ ውስጥ ይሠራ የነበረው ቻርልስ ካኦ ግን ሌላ ነገር ጠየቀ፤ ብርሃኑን የሚበላው መስታወቱ ራሱ ነው ወይስ የተቀላቀለበት ባዕድ ነገር? ሲመረምር ጥርጣሬው እንደ ብረት ባሉ ርዝራዦች ላይ አረፈ። ጅማ ላይ ቡና ለቅሞ የሚያውቅ ሰው ይህን ለማመን አይቸገርም፤ አንዲት የሸተተች ፍሬ ጀበናውን ሙሉ ታበላሻለች።

በ1966 ከባልደረባው ከጆርጅ ሆካም ጋር ባወጣው ጽሑፍ ልኩን አስቀመጠ፤ መስታወቱ ጠርቶ፣ ከአንድ ኪሎ ሜትር በኋላ ከመቶ እጅ አንዱ ከተረፈ ስልክ ይሠራል። የሚያምነው ሲያጣ የመስታወት ፋብሪካዎችንና ቤተ ሙከራዎችን እየዞረ ይወተውት ጀመር። እኔ ከግኝቱ ይልቅ ይህ ውትወታው ይበልጥ ይገርመኛል። በ1970 አሜሪካ በሚገኘው ኮርኒንግ ኩባንያ ሮበርት ማውረር፣ ዶናልድ ኬክና ፒተር ሹልትዝ ልኩን አለፉት። ዛሬ ያቺው ከመቶ አንዷ እጅ የምትተርፈው ከ100 ኪሎ ሜትር ጉዞ በኋላ ነው።

በ1988 የመጀመሪያው የብርሃን ገመድ አትላንቲክን ተሻገረ። ወደብ የሌላት ኢትዮጵያ ደግሞ ከባሕሩ ገመድ የምትገናኘው በጎረቤቶቿ በኩል ነው፤ የጅማ ቡና በሚወጣበት በጂቡቲም፣ በኬንያም።

ካኦ በ2009 ኖቤል ሲሸለም የመርሳት ሕመም ይዞት ስለነበር ንግግሩን ያቀረበችለት ባለቤቱ ናት። ሲኮም የተባለው ገመድ ሞምባሳ ላይ ሥራ የጀመረውም በዚያው ዓመት ነበር። ከጽሑፉ 43 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው፤ በጣም ዘግይቷል ባይ ነኝ።