«ልዩ ልዩ ወጪ» ሲነጻጸር፦ የኢትዮጵያና የኬንያ በጀት ምን ያስተምረናል?

በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዙሪያቸው ባሉ የምዕራብ ጎጃም ገጠሮች ለሚያገለግሉ የሰበካ ጉባኤና የውኃ ኮሚቴ አባላት የሒሳብ ሪፖርት እንግዳ አይደለም። በሪፖርቱ ግርጌም «ልዩ ልዩ ወጪ» የሚል ረድፍ ዘወትር ይገኛል። መንግሥታትም ይህን የመሰለ ረድፍ አላቸው። በዚህ ረድፍ ሁለት አገሮችን በየዘመኑ ለማነጻጸር የሚሻ አንባቢ ሊያጤናቸው የሚገቡ አራት ነጥቦችን፣ ኢትዮጵያንና ጎረቤቷን ኬንያን ምሳሌ አድርገን እናቀርባለን።

የመጀመሪያው የስያሜው ይዘት ነው። የዓለም ባንክ የመንግሥታትን ወጪ ሲመድብ ደመወዝን፣ ግዥን፣ ወለድንና ድጎማን ለየብቻ ካስቀመጠ በኋላ፣ ኪራይን፣ የትርፍ ድርሻንና የቀሩትን ልዩ ልዩ ክፍያዎች «ሌሎች ወጪዎች» ይላቸዋል። በኢትዮጵያ የፌዴራል በጀት ግን ከአስተዳደር፣ ከኢኮኖሚና ከማኅበራዊ ዘርፎች ቀጥሎ የሚመጣው «ሌሎች» የተሰኘ ክፍል የዕዳ ክፍያንና መጠባበቂያን ይይዛል። ኬንያ ደግሞ የዕዳ ክፍያን ለብቻው ታስቀምጣለች፤ ለድንገተኛ ችግርም በ2010 እ.ኤ.አ. የጸደቀው ሕገ መንግሥቷ የተለየ ፈንድ ደንግጓል። ስለሆነም ስማቸው ስለተመሳሰለ ብቻ ረድፎቹን ጎን ለጎን ማስቀመጥ የአንዱን ዕዳ ከሌላው ጥቃቅን ወጪ ጋር ማመዛዘን ይሆናል።

ሁለተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። የኢትዮጵያ በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን፣ የኬንያ ደግሞ ሰኔ 24 ቀን ይጀምራል። ልዩነቱ የአንድ ሳምንት ብቻ ነው፤ ሆኖም የእኛ 2017 በጀት ዓመት የሚመሳከረው ከ2024/25 እ.ኤ.አ. ጋር እንጂ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጋር አይደለም።

ሦስተኛው የገንዘቡ መጠንና ድርሻ ነው። የፌዴራል መንግሥቱ በጀት በ2015 ዓ.ም. 786.6 ቢሊዮን ብር ነበር፤ ለ2018 ዓ.ም. የጸደቀው 1.93 ትሪሊዮን ብር ገደማ ደርሷል። በዚህ ጊዜ ውስጥ አንድ ረድፍ በእጥፍ ቢያድግ፣ ከጠቅላላው በጀት ያለው ድርሻ ግን ቀንሷል ማለት ነው። የዋጋ ንረትም ሆነ የውጭ ምንዛሪ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ መወሰኑ የብሩን አቅም ለውጠዋል። በመሆኑም ከብር መጠን ይልቅ ከመቶ ያለውን ድርሻ ማነጻጸር ይበልጥ ይታመናል።

አራተኛው የመንግሥት እርከን ነው። የፌዴራሉ ሰንጠረዥ የቡሬን ወረዳ ዝርዝር ወጪ አያሳይም፤ የኬንያ ብሔራዊ ሰንጠረዥም የ47ቱን አውራጃዎች ዝርዝር አያሳይም። ከማዕከል የሚላከው ድጎማ በወረዳ ለምን እንደዋለ የሚታወቀው በወረዳው መዝገብ ነው።

ይህ ሁሉ ለገጠሩ ምእመን ምን ይፈይዳል? የእጅ ፓምፕ መለዋወጫ፣ የጥበቃ አበልና የመጓጓዣ ክፍያ በአንድነት «ልዩ ልዩ» ተብለው ከተጻፉ፣ ጥገናው በዓመት ስንት እንደሚፈጅ አይለይም። ያልተለየ ወጪ በቀጣዩ ዕቅድ አይያዝም፤ ፓምፑ ሲሰበርም እናቶችና ልጆች ወደ ወንዝ ውኃ ይመለሳሉ።

ስለዚህ ኮሚቴዎቻችን በዚህ ረድፍ የተካተቱትን ወጪዎች ከሥሩ እንዲዘረዝሩ፣ በየዓመቱም አመዳደቡን ሳይለውጡ እንዲይዙ፣ ከመካከላቸው ጎልቶ የታየውን ወጪ ራሱን በቻለ ረድፍ እንዲያወጡት እናሳስባለን። ምእመናን የሰጡት ገንዘብ አደራ ነውና፣ እያንዳንዱ ወጪ በስሙ ሊጠራ ይገባዋል።