ለጌም ኮምፒዩተር አንድ ካርድ ወይስ ሁለት?

ከመገናኛ እስከ ቦሌ መድኃኔ ዓለም ባለው ሠፈር ኮምፒዩተርና የኮምፒዩተር ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች አሉ። ወደነዚህ ሱቆች ከሚመላለሱት ወጣቶች መካከል ተማሪው ከኪሱ አጠራቅሞ፥ ደመወዝተኛውም ዕቁብ ሲደርሰው የጌም ኮምፒዩተር ለማሠራት የሚያስብ አይጠፋም። በዚህ ጊዜ ከሚነሡት ጥያቄዎች አንዱ፥ «አንድ ብርቱ ግራፊክስ ካርድ ልግዛ ወይስ መካከለኛ የሆኑ ሁለት ካርዶች አንድ ላይ ላስገባ?» የሚለው ነው።

ነገሩ የጨዋታ ጉዳይ ቢመስልም በእርግጥ የገንዘብ ጉዳይ ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ባደረገ ጊዜ፥ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ግራፊክስ ካርድ ደግሞ በዶላር ተገዝቶ ከውጭ አገር የሚመጣ ዕቃ ነው። ስለዚህ በምርጫው የተሳሳተ ወጣት የሚከስረው የብዙ ወር ድካሙን ነው ማለት ይቻላል።

ግራፊክስ ካርድ በኮምፒዩተሩ መስተዋት ላይ የሚታየውን ሥዕል የሚያሰላ ክፍል ነው። ጨዋታው ለዓይን ለስላሳ ሆኖ እንዲታይ በአንድ ሴኮንድ 60 ያህል ሥዕሎች ተከታትለው መውጣት አለባቸው። ይኸውም ለአንዱ ሥዕል የሚደርሰው ጊዜ ከሴኮንድ ሺኛ ክፍል ወደ 17 የሚጠጋ ብቻ ነው ማለት ነው።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንደሚባለው፥ ይህ ከባድ ሥራ ለሁለት ካርድ ቢከፈል ይፈጥናል ብሎ ማሰብ ተገቢ ነው። በእርግጥም የተሞከረ ሐሳብ ነው። ስሪዲኤፍኤክስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1998 ቩዱ 2 የተባሉትን ካርዶች ሁለት ሁለት አድርጎ በማጣመር፥ አንዱ ካርድ የሥዕሉን 1ኛ፣ 3ኛና 5ኛ መሥመር፥ ሌላው 2ኛ፣ 4ኛና 6ኛ መሥመር እያለ እንዲሠራ አደረገ። ዘዴውም ኤስኤልአይ ተባለ። ኤንቪዲያ የዚህን ኩባንያ ንብረት ከገዛ በኋላ በ2004 በዚያው ስም የራሱን ዘዴ አወጣ፤ ተወዳዳሪው ኤቲአይም በ2005 ክሮስፋየር የተባለውን አስከተለ።

ዳሩ ግን መጠመድ ብቻውን አያሳርስም። አንድ በሬ ያለው ገበሬ ከጐረቤቱ ጋር በመቀናጆ ሲያርስ፥ አንዱ በሬ ብርቱ ሌላው ደካማ የሆነ እንደሆነ ሥራው የሚሄደው በደካማው እርምጃ ነው። የካርዶቹም ነገር እንዲሁ ነው። በኋላ በተለመደው አሠራር አንዱ ካርድ አንድ ሙሉ ሥዕል፥ ሌላውም ቀጣዩን ሥዕል በተራ ይሠራሉ። አንዱ ሥዕል በ8 የሴኮንድ ሺኛ፥ ተከታዩ በ25 የሴኮንድ ሺኛ የወጣ እንደሆነ፥ በአማካይ ሲቈጠር በሴኮንድ 60 ይሞላል። ዓይን የሚያየው ግን አማካዩን ሳይሆን መዘግየቱን ስለሆነ ጨዋታው ይንገጫገጫል። ከዚህም በላይ የዛሬዎቹ ጨዋታዎች አዲሱን ሥዕል ሲሠሩ ካለፈው ሥዕል ስለሚበደሩ፥ ሁለቱ ካርዶች እርስ በርሳቸው ሲጠባበቁ ይውላሉ።

የሜሞሪውም ሒሳብ ብዙዎችን ያታልላል። እያንዳንዳቸው 12 ጊጋባይት ያላቸው ሁለት ካርዶች ለጨዋታው 24 አይሆኑለትም። ለሥዕሉ የሚያስፈልገው ሁሉ በሁለቱም ላይ ተባዝቶ ስለሚቀመጥ ያው 12 ሆኖ ይቀራል።

በመጨረሻም ቀንበሩ ራሱ ከገበያ ወጣ። ኤንቪዲያ በ2020 ለጨዋታ ካወጣቸው ካርዶች መካከል ማያያዣው የነበረው 3090 በተባለው ትልቁ ላይ ብቻ ነበር። ከጥር ወር 2021 ጀምሮ ለአዳዲስ ጨዋታዎች የኤስኤልአይ ማስተካከያ ማዘጋጀቱን አቆመ፤ በ2022 በወጣው 4090 ላይም ማያያዣው ፈጽሞ ቀረ። ጨዋታ ሠሪዎች በራሳቸው ድካም ሁለት ካርድ ማሠራት ቢችሉም ይህን የሚያደርጉት እጅግ ጥቂቶች ናቸው። እንግዲህ ዛሬ ሁለት 3060 ካርዶች ገዝቶ የሚያስገባ ሰው፥ በአብዛኛው ጨዋታ አንደኛው ሲሠራ ሁለተኛው ቁጭ ብሎ ይመለከታል።

የመብራቱንም ነገር መዘንጋት አይገባም። አንድ 3060 እስከ 170 ዋት ይወስዳል፤ ሁለቱ 340 መሆናቸው ነው። የቀረው የኮምፒዩተሩ ክፍል ሲጨመርበት 650 ቮልት አምፔር ከተባለው ከተለመደው ዩፒኤስ አቅም በላይ ይሆናል። በሰሚት ወይም በአያት ኮንዶሚኒየም የሚኖር ወጣት መብራት ድንገት ሲጠፋ ሥራውን አስቀምጦ ኮምፒዩተሩን በደኅና ለመዝጋት የሚያገኛትን ጥቂት ደቂቃ ያጣል። የጠባብ ክፍል ሙቀትም ሌላው ጣጣ ነው።

ሁለት የመግዛት ምኞት የሚበረታው ያገለገለ ካርድ በርካሽ ሲገኝ ነው። መስከረም 5 ቀን 2015 ዓ.ም. ኢተሪየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ አሠራሩን በመለወጡ፥ በግራፊክስ ካርድ እርሱን ማምረት ቀረ፤ ሌት ተቀን ሲሠሩ የነበሩ ብዙ ካርዶችም ወደ ዓለም ገበያ ወጡ። ስለዚህ ገዢው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ካርዱን ከባድ ጨዋታ ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል አሠርቶ፥ የማራገቢያውን ድምፅና የሙቀቱን መጠን ቢመለከት ይጠቀማል።

ሁለት ካርድ ጥቅም የለውም ማለት ግን አይደለም። ብሌንደር በተባለው ፕሮግራም የሕንፃ ወይም የፊልም ሥዕል የሚያወጣ ባለሙያ ሥራውን ለሁለት ካርድ አካፍሎ ጊዜውን ያሳጥራል። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. የተጀመረውን የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ትምህርት ተከታትሎ ወደ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የሚዘልቅ ተማሪም፥ አንድ ትልቅ የቋንቋ ሞዴል ከፍሎ በሁለት ካርድ ላይ ሊያስቀምጥ ይችላል፤ በዚህ ጊዜ 12ና 12 በእርግጥ ወደ 24 ይጠጋሉ። እንዲህ ያለው ሥራ የሁለቱን ዋጋ ሊመልስ ይችላል፤ ጨዋታ ግን አይመልስም።

እንግዲህ አስተዋይ ወጣት አስቀድሞ ዕቃውን ለምን እንደሚፈልገው ይወስን። ለጨዋታ ከሆነ አቅሙ የፈቀደውን አንድ ካርድ ይግዛ፤ ለሁለተኛው ያሰበውን ገንዘብ በጥሩ ፓወር ሰፕላይና በዩፒኤስ ላይ ያውለው። ከሁለት ዓመት በኋላ ካርዱ ያነሰው እንደሆነ ሽጦ፥ በላዩ ጨምሮ የተሻለ ይገዛል። አባቶቻችን «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ያሉት ለዚህም ይሠራል።