ዘበኛውን የሚቀሰቅስ ቅባት

ቆዳ የሰው ልጅ የመጀመሪያው አጥር ነው። ሐሩሩም፥ ብርዱም፥ አቧራውም፥ በሽታ አምጪው ተሐዋስም አስቀድሞ የሚያገኘው እርሱን ነው። ዳሩ ግን ሆዱን ሲያመው ወደ ሐኪም የሚሮጠው ሰው ቆዳው ላይ አንዳች ነገር ሲወጣበት የጎረቤቱን ቅባት ይዋሳል። በተለይም ከሰው ፊት የሚቆመው ተማሪና ጸሐፊ መልኩ እንዳይበላሽበት ስለሚቸኩል በእጁ የገባውን ሁሉ ይቀባል። «ቅባት ምን ይጎዳል?» ይላል።

ቅባት ግን ይጎዳል። ይህን ለማስረዳት ኢሚኪሞድ ስለ ተባለው፥ በአልዳራ ስምም ስለሚሸጠው፥ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ስለማይወሰደው ቅባት ጥቂት ላውጋችሁ። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በፎገራ ሜዳ የሰው ቆዳ ብዙ ፈተና አለበት። በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ሲያለብሱት ሩዝ የሚያርመው ገበሬ ቀኑን ውኃ ውስጥ ቆሞ ይውላል፤ በበጋ ደግሞ ፀሐዩ አናት ይበሳል። በወረታ ገበያ ቀን ዓይኑን ከፍቶ ለሚመለከት ሰው ጭርቱም፥ ቋቁቻውም፥ እከኩም፥ ኪንታሮቱም አይጠፋም። እነዚህ ላልሠለጠነ ዓይን ሊመሳሰሉ ይችላሉ፤ መንሥኤያቸው ግን ለየቅል ነው። ጭርትና ቋቁቻ ከፈንገስ፥ እከክ ከዓይን ከምታመልጥ ተባይ፥ ኪንታሮት ከቫይረስ ይመጣሉ። እንግዲህ አንድ ቅባት ለሁሉ እንዴት ይበቃል?

የኢሚኪሞድ ጠባይ ከሌሎቹ ይለያል። ቫይረሱን በቀጥታ አይገድልም፤ የሰውነትን ዘበኛ ይቀሰቅሳል እንጂ። በሰውነታችን ውስጥ ያሉት የመከላከያ ሕዋሳት ጠላት መግባቱን የሚያስታውቁ እንደ ደወል ያሉ ተቀባዮች አሏቸው። ሊቃውንት «ቶል መሰል ተቀባዮች» ይሏቸዋል። ስሙ የመጣው በፍሬ ዝንብ ላይ ከተጠናው ቶል ከተባለው ዘር ወራሽ ነው፤ በዚህ መስክ ላገኙት ዕውቀት ጁል ሆፍማንና ብሩስ ቦይትለር በ2011 የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል። ኢሚኪሞድ ከነዚህ ደወሎች ሰባተኛውን ይደውላል። ሕዋሱም ኢንተርፌሮንና ሌሎች መልእክተኛ ንጥረ ነገሮችን ያመነጫል፤ ሌሎቹ ዘበኞች ጥሪውን ሰምተው ይሰበሰባሉ፤ ከዚያ ውጊያው ይጀመራል።

መድኃኒቱን የሠራው ስሪ ኤም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነው። የአገሩ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ1997 በብልትና በፊንጢጣ አካባቢ በውጭ ቆዳ ላይ ለሚወጣ ኪንታሮት ፈቀደው። በ2004 ደግሞ ፀሐይ በጎዳው ቆዳ ላይ ለሚወጣ ሻካራ ቅርፊትና ከላይ ብቻ ለተወሰነ አንድ ዓይነት የቆዳ ካንሰር ተፈቀደ። ፀሐይ የሚያመጣው ጉዳት አልቢኒዝም ያለባቸውን ወገኖቻችንን ከሌላው ይልቅ ስለሚያጠቃ ነገሩ ለኛም ሩቅ አይደለም።

ይህን መድኃኒት በየቤቱ ከሚገኙት ከነቤታሜታዞንና ከነክሎቤታሶል ጋር አንድ አድርጎ ማየት ትልቅ ስሕተት ነው። እነዚያ ዘበኛውን ያስተኛሉ፤ ይህ ግን ይቀሰቅሰዋል። ዘበኛውን የሚያስተኛው ቅባት ጭርት ላይ ሲቀባ መቅላቱና ማሳከኩ ለጊዜው ይቀንሳል፤ ፈንገሱ ግን ያለ ከልካይ ይስፋፋል። ዘበኛውን የሚቀሰቅሰው ደግሞ ያለ ቦታው ሲቀባ ጤነኛውን ቆዳ ያቆስላል። ስለዚህ ከመድኃኒቱ በፊት የበሽታው ስም መታወቅ አለበት።

ፎገራ ይህን በመራራ መንገድ ተምራዋለች። በ2005 በሊቦ ከምከምና በፎገራ ካላ አዛር በተነሣ ጊዜ ነገሩ መጀመሪያ መድኃኒት የማይበግረው ወባ ተደርጎ ተገምቶ ነበር። የበሽታው ትክክለኛ ስም በምርመራ ከተገኘ በኋላ ግን ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ድርጅት በአዲስ ዘመን ሕክምና ጀመረ፤ ብዙ ሰውም ዳነ።

የካላ አዛር ዘመድ የሆነ ሌላ በሽታ ደግሞ ቆዳን ይይዛል፤ ቁንጭር ነው። ከፎገራ ሜዳ ወደ ምሥራቅ ወደ ጋይንት ደጋ ሲወጣ ይገኛል። በአገራችን በብዛት የሚያመጣው ሌይሽማንያ ኤትዮፒካ የተባለ ጥገኛ ተሐዋስ ነው፤ የሚያስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ሲሆን፥ ሽኮኮም ተሐዋሱን በሰውነቱ ይዞ ያኖራል። ቁንጭር በፊት ላይ ወጥቶ ጠባሳ ስለሚተው ወጣቱን እጅግ ያሳዝናል።

ታዲያ ኢሚኪሞድ ለዚህ ይረዳ ይሆን? በፔሩ አገር የአንቲሞኒ መድኃኒት ብቻውን ላልፈወሳቸው ጥቂት ሕሙማን ቅባቱን ከአንቲሞኒ ጋር ጨምረው ቢሰጧቸው ብዙዎቹ መዳናቸው በ2001 ታትሟል። በኢራን በሌላ ዓይነት ሌይሽማንያ ላይ ይኸው ሲሞከር ግን ቅባቱ የጨመረው ጥቅም አልተገኘም። ተሐዋሱ ሲለይ ውጤቱም ይለያል። ስለሆነም ከፔሩ የመጣ ወሬ ለጋይንት ቁስል ማዘዣ አይሆንም። ቁንጭር የጠረጠረ ሰው ጠበል የሚጠመቅ ቢሆንም እንኳ ምርመራውን አይተው።

ሐኪም መርምሮ ኢሚኪሞድን ካዘዘላችሁ ግን የሚከተለውን አስተውሉ።

1ኛ/ ቀኑን ጠብቁ። 5 በመቶ የሆነው ቅባት ለብልት አካባቢ ኪንታሮት ብዙውን ጊዜ የሚታዘዘው በሳምንት 3 ቀን፥ ከ16 ሳምንት ላልበለጠ ጊዜ ነው። ለሌላው በሽታ ቀኑ ይለያል። ቶሎ ልዳን ብሎ መደራረብ ቁስል ማትረፍ ነው፤ አንድ ቀን ቢረሳም በሚቀጥለው እጥፍ አይቀባም።

2ኛ/ ማታ ስትተኙ እጃችሁንና ቦታውን ታጥባችሁ፥ አድርቃችሁ፥ በስሱ ቀብታችሁ እስኪጠፋ አሹት። ለኪንታሮት ከ6 እስከ 10 ሰዓት ከቆየ በኋላ በሳሙናና በውኃ ይታጠባል። እጃችሁንም ከቀባችሁ በኋላ ታጠቡ።

3ኛ/ በፋሻም በፕላስቲክም አትሸፍኑት። ወደ ዓይን፥ ወደ አፍ፥ ወደ አፍንጫ፥ ወደ ብልት ውስጠኛ ክፍልና በተከፈተ ቁስል ላይ አይግባ።

4ኛ/ ቅባቱ ላያችሁ ላይ ሳለ ከግብረ ሥጋ ግንኙነት ተቆጠቡ፤ ኮንዶምንም ያደክማል።

5ኛ/ የምትቀቡትን ቦታ ከፀሐይ ሰውሩ፤ ባርኔጣና ጃንጥላ የሹማምንት ጌጥ ብቻ አይደሉም።

6ኛ/ እርጉዝ የሆነች፥ ሌላ የቆየ በሽታ ያለበት ወይም የሰውነትን መከላከያ የሚነካ መድኃኒት የሚወስድ ሰው አስቀድሞ ለሐኪሙ ይንገር።

ቦታው ቢቀላ፥ ቢያሳክክ፥ ቢያቃጥል፥ ቢቀረፍ አትደንግጡ፤ ዘበኛው መነሣቱን የሚያመለክት ነው። ሕመሙ ሥራ የሚከለክል፥ ቁስሉ የሚያዥ ከሆነ ወይም ትኩሳትና ቁርጥማት ከተከተለ ግን ቅባቱን አጥባችሁ አቁሙና ሐኪሙን ጠይቁ። ጥቂት ቀን አሳርፎ እንደ ገና ሊያስጀምራችሁ ይችላል። የቆዳው ቀለም ሊነጣ ወይም ሊጠቁር እንደሚችል፥ አንዳንድ ጊዜም እንደዚያው ሊቀር እንደሚችል አስቀድሞ ማወቅ ይገባል። ስለዚህ ማድያት ለማጥፋት ወይም ፊት ለማቅላት ብሎ የሚቀባ ሰው የሚፈልገውን ተቃራኒ ይሸምታል።

የመጨረሻው ነገር ኀፍረት ነው። የብልት አካባቢ ኪንታሮት በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፍ ስለሆነ ብዙ ወጣት ይደብቀዋል፤ ከውጭ አገር ዘመድ የላከውን ወይም ጓደኛ ያካፈለውን ቅባት በጨለማ ይቀባል። በዚህ መካከል በሽታው ወደ ትዳር ጓደኛ ይሻገራል። ቅባቱም ቢሆን ኪንታሮቱን ያጠፋል እንጂ ቫይረሱ ጨርሶ ለመውጣቱ ዋስትና አይሰጥም፤ ስለዚህ ሁለቱም መመርመር አለባቸው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለው የአባቶች አባባል ለዚህ የተነገረ ይመስላል።

ወረታ በሦስት መንገዶች መገናኛ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ወደ ባሕር ዳር፥ ወደ ጎንደር፥ ወደ ደብረ ታቦር ያስኬዳል፤ በሦስቱም ከተሞች ሆስፒታል አለ። የአንድ ቀን ጉዞና የአውቶቡስ ዋጋ ዕድሜ ልክ በፊት ላይ ከሚቀር ጠባሳ ጋር ሲመዘን እጅግ ርካሽ ነው። ማንበብ የምትችሉ እናንተ ይህን ካወቃችሁ ለማያነበው ወገናችሁም ንገሩት፤ የተዋሰውን ቅባት አስጥላችሁ ወደ መርማሪው ምሩት።